ቀዩ ጂንሰንግ እና የልቤ ቫልቭ

ሕመሜ የጀመረው በመኝታ ነው። በአንድ ትራስ ስተኛ ትንፋሽ ያጥረኝ ጀመር። ሁለት አደረግሁ፤ ትንሽ ቆይቶ ሁለቱም አልበቃ አሉኝ። ባለቤቴ ጌታቸው «አንገትሽን ታሳምሚዋለሽ» ሲለኝ ችግሩ ከአንገቴ ሳይሆን ከደረቴ መሆኑን አልነገርኩትም፤ እኔም ድካም ነው ብዬ ነበር። ቤታችን ሳን ሆዜ ነው፤ የምሠራው ግን ኦክላንድ፣ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ባለች ትንሽ የልብስ ማስተካከያና ላውንደሪ ሱቅ ነበር። ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚተኩስ ሰው ቢደክመው ማን ይገረማል?

በኋላ ግን ቁርጭምጭሚቴ ያብጥ ጀመር። አንድ ጠዋት የባቡር ጣቢያው ደረጃ መሃል ላይ ቆሜ ቀረሁ። መደገፊያውን ይዤ ሰው ሁሉ ሲያልፈኝ አየሁ። አንዲት ምርኩዝ የያዙ አሮጊት ጭምር አለፉኝ። በዚያው ሳምንት ሐኪም ዘንድ ሄድኩ።

የልብ ሐኪሟ ማዳመጫዋን ደረቴ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። ከዚያ እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፦ «ልጅ ሳለሽ ጉሮሮሽን አሞሽ፣ ከዚያ መገጣጠሚያሽ አብጦ ያውቃል?»

ያውቃል። ደብረ ብርሃን፣ ገና ተማሪ ሳለሁ፣ ጉልበቶቼ አብጠው ብዙ ጊዜ ተኝቼ ነበር። እናቴ ቅባት አሙቃ ታሸኝ ነበር። ሁሉም ሰው «ብርድ ነው» አለ፤ ተሻለኝ፤ ተረሳ። ልቤ ግን አልረሳውም። ሩማቲክ የልብ ሕመም ይባላል። ያ የልጅነት የጉሮሮ ሕመም ያመጣው ጣጣ ማይትራል የሚባለውን ቫልቭ በዝምታ ሲያጠበው ኖሯል። ኢኮ በሚባለው የልብ አልትራሳውንድ ምርመራ ሲታይ ደሙ በዚያች ጠባብ በር እየተጋፋ ነው የሚያልፈው።

ደረቴ ተከፈተ። የራሴ ቫልቭ ወጥቶ ሰው ሠራሽ ገባ። ስነቃ ጉሮሮዬ ውስጥ ቱቦ ነበር። መናገር አልችልም። ሲያስለኝ ደረቴ ለሁለት የሚሰነጠቅ ይመስለኝ ነበር። ቤት ስመለስ ጸጥታ ሲሆን የቫልቩ ቀጭን ድምፅ ይሰማኛል፤ የእጅ ሰዓት ትራስ ሥር እንደ ማስቀመጥ ነው።

ሰው ሠራሽ ቫልቭ የገባለት ሰው ዋርፋሪን የሚባል ክኒን ዕድሜ ልኩን ይወስዳል። ደም ቫልቩ ላይ እንዳይረጋ የሚከላከል ነው። ክኒኑ ምን ያህል እንደሠራ የሚለካው አይ.ኤን.አር በሚባል የደም ምርመራ ሲሆን፣ የእኔ ከሁለት ተኩል እስከ ሦስት ተኩል መሆን አለበት። ዝቅ ካለ ደም ይረጋል፤ ከፍ ካለ ደግሞ መድማት አይቆምም። ይህችን ነገር ለመቆጣጠር ብቻ የተከፈተ ክሊኒክ አለ፤ እዚያ ጣቴን ወግታ የምትለካኝና መጠኑን የምትወስንልኝ አንዲት ፋርማሲስት ነበረች።

እዚህ ላይ ሚስስ ሃን ትገባለች። የሱቁ ባለቤት ናት፤ ኮሪያዊት፣ ሰባ ዓመት ያለፋት፣ መርፌ በአፏ ይዛ የምታወራ ሴት። ብዙ ዓመት አብረን ስንሠራ ቋንቋችን ግማሽ እንግሊዝኛ፣ ግማሽ የእጅ ምልክት ነበር። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ከኦክላንድ በባቡር ሳን ሆዜ ድረስ መጥታ ጠየቀችኝ። ከቦርሳዋ አንዲት ጥቁር ማሰሮ አወጣች። ውስጡ እንደ ሬንጅ የወፈረ ጥቁር ነገር ነው። አጠገቡ በወረቀት የተጠቀለለ ደረቅ ሥር አስቀመጠች፤ ሁለት እግርና ሁለት እጅ ያለው ትንሽ ሰው ይመስላል።

«ሆንግሳም» አለች። ቀይ ጂንሰንግ ማለት ነው።

ሥሩ ዓመታት መሬት ውስጥ ቆይቶ እንደሚወጣ፣ በእንፋሎት በስሎ ሲደርቅ እንደሚቀላ ነገረችኝ። በአገሯ እናቶች ለወለደች ሴት፣ ክረምት ለሚከብዳቸው ሽማግሌዎች፣ ከረጅም ሕመም ለተነሳ ሰው ይሰጡታል። በሙቀት ወራት ደግሞ ዶሮ ሆድ ውስጥ ከሩዝ ጋር ከተው ይቀቅሉታል። እሷም የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ ደም ፈሷት ስትዳከም እናቷ በዚህ እንዳነሳቻት ነገረችኝ። ማንኪያ ጫፍ በሙቅ ውሃ፣ ጠዋት ጠዋት። «ደም ይሰጣል። ጉልበት ይሰጣል» አለችኝ።

አመሰገንኳት። ስትሄድ ግን እኔና ጌታቸው ተያየን።

በዚህ አገር የኖረ ሐበሻ ነገሩን ያውቀዋል። ከቤተ ክርስቲያን ግቢ ጀምሮ ሻይና እንክብል ይዞ የሚጠጋ ሰው አይጠፋም። መጀመሪያ ቅመሱ ይላል፣ ከዚያ አባል ሆናችሁ እናንተም ሽጡ ይላል።

«ዛሬ በነፃ ነው» አለ ጌታቸው። «በሚቀጥለው ወር ሌላ ማሰሮ ይዛ ትመጣና ዋጋውን ትነግርሻለች።»

«ሚስስ ሃን እንደዚያ አይደለችም።»

«ለምን ይሄን ያህል መንገድ መጣች ታዲያ? ወደ ሥራ ቶሎ እንድትመለሽላት ነው።»

ሁለት ሳምንት ሳልነካው ቆየሁ። ከዚያ አንድ ጠዋት ከአልጋ መውረድ ሲያቅተኝ ከማንኪያ ጫፍ ቀመስኩ። ይመራል፤ ዝናብ የመታው አፈር ይሸታል። እየዋልኩ እያደርኩ ግን የምግብ ፍላጎቴ መጣ። እስከ መንገዱ መጨረሻ ሄጄ መመለስ ቻልኩ። ሥሩ ይሁን ወይስ በቀዶ ጥገናው የተቆረጠው የደረቴ አጥንት በጊዜው መጋጠሙ፣ ዛሬም ድረስ አላውቅም። በዚያን ጊዜ ግን ሥሩ ነው ብዬ አመንኩ፤ ማሰሮውም ከማሩ አጠገብ ቋሚ ቦታ አገኘ።

ቀጥሎ በነበረው ምርመራ አይ.ኤን.አሬ ወርዶ ተገኘ፤ አንድ ነጥብ ስድስት።

«በየቀኑ ትወስጃለሽ?» አለችኝ ፋርማሲስቷ።

«አዎ።»

«አዲስ የጀመርሽው መድኃኒት አለ?»

«የለም።»

የመለስኩት በቅን ልብ ነው። መድኃኒት ማለት ለእኔ ስሜ የተጻፈበት ብርቱካናማ ዕቃ ውስጥ ያለ ነገር ነው። ማሰሮው ከማር ጋር የሚቀመጥ የጠዋት ሻይ ነበር።

መጠኑን ጨመረችልኝ። ቁጥሩ አልነሳ አለ። ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ የማንጠረጥረው ነገር አልነበረም። መጀመሪያ የተጠረጠረው ጎመን ነው። ቅጠላ ቅጠል ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የዋርፋሪንን ሥራ ይቀንሳል ተብያለሁ፤ ጾም ስለነበር ጎመን በዝቶብኝ ይሆናል ብዬ ቀነስኩት። ለውጥ የለም። ቀጥሎ ክኒኑን ጠረጠርኩ። መጠኑ ሲቀየር ቀለሙም ተቀይሮ ስለነበር ፋርማሲው ተሳስቶ የሰጠኝ መሰለኝ። ሄጄ ጠየቅሁ፤ ልክ ነው አሉኝ። መለኪያውን ራሱን ጠረጠርኩ፤ ከክንዴ ደም ተወስዶ ላብራቶሪ ሄደ። ውጤቱ ያው ሆነ።

ሐኪሟ ደግሞ እኔን ጠረጠረች። ድምፅዋ ለስላሳ ነበር። «ብዙ ሰው ይረሳል» አለችኝ። «አያሳፍርም። ግን እውነቱን ማወቅ አለብኝ።»

«አልረሳሁም» አልኳት። ያመነችኝ አልመሰለኝም።

ከሁሉ የከፋው የጌታቸው ነበር። አንድ ጠዋት ከመታጠቢያ ቤት ስወጣ የሳምንቱን ክኒን የምደረድርባትን ሳጥን ከፍቶ ሲያይ አገኘሁት። ቀስ ብሎ ዘጋት።

«ምን ፈለግህ?»

«ምንም። ክኒኑ እንዳያልቅብሽ ብዬ ነው።»

በዚያን ቀን የደረቴን ስፌት በቅባት የሚያሸኝ ሰው እንኳ እንደማያምነኝ ገባኝ።

ከዚያ እሑድ መጣ።

ቁርስ ላይ ነበርን። ኩባያ ላነሳ ቀኝ እጄን ዘረጋሁ። ጣቶቼ ኩባያውን ነኩት፤ አልጨበጡትም። እንደገና ሞከርኩ። ኩባያው ወደቀ። ልጄ ሊያ ቀና ብላ አየችኝ።

«ማሚ፣ ፊትሽ።»

ምን ሆነ ልላት ፈለግሁ። አፌ ሌላ ነገር አወጣ።

«ማሚ፣ ሰይ ማይ ኔም» አለች። ስሜን ጥሪ።

አወቅሁት። ስሟን አውቀዋለሁ። እኔ ነኝ ያወጣሁላት። አልመጣልኝም።

ሊያ ናይን ዋን ዋን ደወለች። ጌታቸው መሬት ላይ ተቀምጦ እግሬን ይዞ ነበር። አምቡላንስ ውስጥ «ሊያ» አልኩ። ደግሜ አልኩት። ሆስፒታል ስንደርስ እጄ ይጨብጥ ነበር።

ቲ.አይ.ኤ ይባላል፤ አላፊ ስትሮክ። ቁራጭ የረጋ ደም ወደ ጭንቅላት ሄዶ፣ መንገድ ዘግቶ፣ ደግነቱ ሟሟ። አይ.ኤን.አሬ አንድ ነጥብ አራት ነበር። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ሄፓሪን በደም ሥር ሰጡኝ፤ የዋርፋሪኑም መጠን ተጨመረ። ሆስፒታል በቆየሁበት ጊዜ ቁጥሩ ተስተካከለ። ቤት ገባሁ፤ ጠዋት ጠዋት ማሰሮዬን ከፈትኩ፤ ቁጥሩ እንደገና ወረደ። እንደገና መጠኑ ጨመረ። በመጨረሻ ከጀመርኩበት እጥፍ ሊሆን ምንም ባልቀረው መጠን ሁለት ተኩል ላይ ቆመልኝ። ሁላችንም እፎይ አልን።

እዚህ ጋ ታሪኩ ቢያልቅ ጥሩ ነበር።

አንድ ምሽት ጌታቸው ስልኩን ይዞ አጠገቤ ተቀመጠ። ስለ ጂንሰንግ ሲያነብ ነበር። አንዱ ገጽ ደም ያቀጥናል ይላል። ሌላው የዋርፋሪንን ኃይል ያዳክማል ይላል። ሦስተኛው ምንም አያደርግም እያለ ከገጹ ግርጌ ራሱን ጂንሰንጉን ይሸጣል።

«ዘውዴ፣ ስትሮኩን ያመጣብሽ ይሄ ቢሆንስ?» አለኝ።

ደነገጥኩ። ስለ ሚስስ ሃን የነበረኝ ጥርጣሬም አብሮ ተነሳ። በየሳምንቱ እየደወለች «እየጠጣሽ ነው?» ማለቷን አስታወስኩ። ምን አስቸኮላት? ማሰሮው ላይ ያለው ጽሑፍ በሙሉ ኮሪያኛ ነው፤ ሥር ብቻ መሆኑን በምን አውቃለሁ? በማግስቱ ማሰሮውን ከቁም ሳጥኑ ጥግ ከባዶ ጠርሙሶች ጀርባ ደበቅሁት። ሚስስ ሃን ስትደውል ማንሳት አቆምኩ።

ለክሊኒኩም አልነገርኩም። ክኒኗን አትወስድም ብለው የጠረጠሩኝ ሰዎች ዘንድ ሄጄ «ለካ ሻይ ስጠጣ ነበር» ማለት ከበደኝ። ደግሞ ጥርጣሬዬ ትክክል ከሆነ፣ ጎጂውን ነገር ተውኩት፣ ተገላገልኩ ብዬ አሰብኩ። ይህን ክፍል የምጽፈው እንደ እኔ ለሚያስብ ሰው ነው። ሐሳቡ ትክክል ይመስላል። ሊገድለኝ ነበር።

ዋርፋሪኑ ያን ያህል የተጨመረው ሥሩ ኃይሉን ወደ ታች ሲስብበት ነው። ሥሩን ስተው ክኒኑን ወደ ታች የሚስበው ጠፋ፤ ያ ሁሉ መጠን ብቻውን ይሠራ ጀመር።

መጀመሪያ ጥርሴን ስፍቅ ድዴ ደማ። ቀጥሎ ክንዴ ላይ ምንም ሳይመታኝ የበለዘ ወጣ። የሚቀጥለው አፖይንትመንቴ ቅርብ ስለነበር ያን ቀን እነግራቸዋለሁ አልኩ። ከዚያ በፊት አንድ ከሰዓት በኋላ ነስር መጣ። አፍንጫዬን ጨበጥኩ። አልቆመም። ፎጣ ያዝኩ። ፎጣው ቀላ። ሌላ አመጣሁ። ደሙ በጉሮሮዬ ይወርድ ጀመር። ጌታቸው ሥራ ላይ ነው። ኮል አደረግሁለት፤ ድምፄን ሲሰማ ምንም ሳይጠይቅ «ናይን ዋን ዋን ደውዪ፣ መጣሁ» አለኝ።

አይ.ኤን.አሬ ከስምንት በላይ ነበር።

አፍንጫዬ ታሸገ። ዋርፋሪኑ ቆመ። ቫይታሚን ኬ በጥቂቱ ሰጡኝ፤ ብዙ ቢሰጡኝ ቫልቩ ላይ ደም ይረጋል፣ ቢተዉኝ ደግሞ መድማቱ ወደ ጭንቅላት ሊሄድ ይችላል። ሐኪሟ ይህን ስትነግረኝ «ጠባብ መንገድ ላይ ነን» አለች። ጭንቅላቴን በሲቲ ስካን አዩ። አልደማም ነበር። አለቀስኩ።

በማግስቱ የክሊኒኩ ፋርማሲስት አልጋዬ ድረስ መጣች። ወንበር ስባ ተቀመጠች። ልብ ብዬ ጠበቅኋት፤ አብዝተሽ ወስደሻል ልትለኝ ነው ብዬ መልሴን አዘጋጅቼ ነበር።

«ስንገናኝ ሁልጊዜ ምን ጀመርሽ ብዬ ነው የጠየቅሁሽ» አለችኝ። «ዛሬ ሌላ ልጠይቅሽ። በቅርቡ ያቆምሽው ነገር አለ? ምግብ፣ ሻይ፣ ቪታሚን፣ ምንም ይሁን።»

ያዘጋጀሁት መልስ ከአፌ ጠፋ። «ጂንሰንግ» አልኳት።

ተናዳ ይሆናል ብዬ ፊቷን አየሁ። ብዕሯን አወጣች እንጂ አልተቆጣችም። መቼ እንደጀመርኩ፣ ሆስፒታል ሳለሁ እንዳልወሰድኩ፣ መቼ እንደተውኩ በተራ ጠየቀችኝ። ከዚያ ማሰሮው ይምጣልኝ አለች። ጌታቸው ከባዶ ጠርሙሶቹ ጀርባ አውጥቶ አመጣው። ጽሑፉን በስልኳ ተርጉማ አነበበች፤ ሥር ብቻ ነበር፣ ሌላ ምንም ያልተቀላቀለበት።

«እርግጠኛ ነኝ አልልሽም» አለችኝ። «ጥናቶቹ አይስማሙም፤ በአንዳንድ ሰው ላይ የዋርፋሪንን ሥራ ይቀንሳል፣ በሌላው ላይ ለውጥ አይታይም። ያንቺ ቁጥር የወረደበትና የወጣበት ጊዜ ግን ከሥሩ ጋር ይገጥማል። በአንቺ ላይ ዳግም አልሞክረውም።»

ጌታቸው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ነበር። እሷ ከወጣች በኋላ መጥቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «ክኒንሽን ስቆጥር ነበር» አለኝ። «አውቃለሁ» አልኩት። እጄን ይዞ ብዙ ቆየ።

ከዚያ በኋላ ያለው ማገገም ቀስ ያለ ነበር፤ መጠኑ ከታች ተጀምሮ በየጥቂት ቀኑ እየተለካ ወደ ላይ ወጣ፣ ጎመኔንም እንደ ድሮዬ፣ በየሳምንቱ ያው ያህል እየበላሁ፣ ቁጥሬ በቦታው ተቀመጠ፤ እኔም የራሴን ሰውነት እንደ ጠላት ማየት ተውኩ። መንዳት ገና ስላልተፈቀደልኝ ሊያ በመኪና ኦክላንድ ወሰደችኝ። ሚስስ ሃን ማሽኗ ላይ ነበረች። አየችኝና መርፌዎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አውጥታ የመርፌ ትራሷ ላይ ሰካች።

«ስልክ አታነሺም» አለች።

ሁሉንም ነገርኳት። ያልገባትን ሊያ በእንግሊዝኛ አብራራችላት። ሚስስ ሃን ፊቷ ሲቀየር አየሁ።

«ልገድልሽ ነበር» አለች።

«አይደለም። እኔ ነኝ ለሰዎቹ ያልነገርኳቸው። ደግሞ አንቺንም ጠርጥሬሽ ነበር። ልትሸጪልኝ መስሎኝ።»

«ምን?»

«ሥሩን። እንደ ንግድ።»

አየችኝና መሳቅ ጀመረች፤ ሳቋ ግን ቶሎ ቆመ። ከጠረጴዛው ሥር ቦርሳዋን አወጣች። አንድ የስኳር በሽታ ክኒን፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ የራሷን ማሰሮ አጠገብ ለአጠገብ ደረደረች። ጠዋት ጠዋት ሱቅ ስትከፍት እንደሚያልባት፣ እጇ እንደሚንቀጠቀጥ፣ ከረሜላ ስትበላ እንደሚተዋት ነገረችን። እርጅና ነው ብላ ነበር። ሐኪሟ ስለ ሥሩ ያውቃል ወይ ብዬ ጠየቅኋት።

«አልጠየቀኝም» አለች።

አብሬያት ሄድኩ። ክሊኒኩ በስልክ አስተርጓሚ አቀረበላት፤ ማሰሮውን ግን ራሷ ነች ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠችው። ሐኪሙ አላናናቃትም። ጂንሰንግ በአንዳንድ ሰው ላይ ስኳር ሊያወርድ እንደሚችል፣ ከክኒኖቿ አንዱም እንደሚያወርድ፣ እሷም ቁርስ እንደማትበላ አንድ ላይ አድርጎ አየው። ሥሩ ብቻውን ነው ጥፋተኛው አላለም። ክኒኑን ቀነሰላት፣ የስኳር መለኪያ ሰጣት፣ ሥሩን የምትወስድ ከሆነ በየቀኑ ያው መጠን እንዲሆንና ማቆም ስትፈልግ እንድትነግረው አዘዛት። አሁን እጇ አይንቀጠቀጥም። ጥቂት ጥቂት ሆንግሳም ትጠጣለች። እኔ አልጠጣም።

ይህን ከምታነቡት አንዳንዶቻችሁ እንደ እኔ ሰው ሠራሽ ቫልቭ ያላችሁ፣ ወይም ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው የምታስታምሙ ናችሁ። ምክሬ አጭር ነው። ሥሩን መርዝ ነው አልላችሁም፤ ስንትና ስንት ትውልድ ያነሳ ነገር ነው። ኃይል አለው ብላችሁ ያመናችሁት ነገር ግን በሐኪማችሁ ክኒንም ላይ ኃይል ሊኖረው እንደሚችል እመኑ። ይህ ለኮሪያ ሥር ብቻ የሚሠራ አይደለም፤ ለነጭ ሽንኩርቱ፣ ለጥቁር አዝሙዱ፣ ለፌጦውም አስቡት። «መድኃኒት ትወስዳላችሁ?» ሲሏችሁ ወጥ ቤታችሁንም አስታውሱ። ዕቃውን ራሱን ይዛችሁ ሂዱ። ስትጀምሩም ስታቆሙም ተናገሩ፤ በተለይ ስታቆሙ። የምታስታምሙ ደግሞ ክኒን በድብቅ ከመቁጠር አጠገቡ ተቀምጣችሁ ጠይቁ።

ደረቴን ለከፈቱትና ለዘጉት እጆች፣ ትክክለኛውን ጥያቄ ይዛ አልጋዬ ድረስ ለመጣችው ፋርማሲስት፣ ስሟን እስክጠራ ድረስ ዓይኗን ከፊቴ ላላነሳችው ልጄ፣ መሬት ላይ ተቀምጦ እግሬን ለያዘው ባለቤቴ፣ ያን ሁሉ መንገድ ለመጣችው ሚስስ ሃን ምስጋናዬ አያልቅም። ለሐኪም ለመናገር የምታፍሩት ነገር ካለ ነገ ሄዳችሁ ተናገሩ። ዝም ማለትንም መናገርንም ሞክሬአቸዋለሁ፤ መናገር ይቀላል።